ስፒሎቹ ያለቁበት ረፋድ

አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። እማዬ ሳንባዋን ታማ የኦክስጅን ማሽን አልጋዋ አጠገብ ከተቀመጠ ወዲህ የመብራት ሂሳባችን ከእጥፍ በላይ ሆነ። አባዬ ምክንያቱን ሊጠይቅ ወደ መብራት ኃይል ቢሮ ሲሄድ ተከተልኩት። የቢሮው ሠራተኛ በትዕግሥት አስረዳችን።

«አባባ፣ በወር እስከ ሦስት መቶ ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። አንዲት ካለፈች ግን ሁሉም፣ ከመጀመሪያዋ ጀምሮ፣ በውዱ ይታሰባል።»

«ለአንዲት ብላችሁ?»

«ለአንዲት።»

እማዬ ይህን ስትሰማ እጇን ወደ ማሽኑ ማጥፊያ ሰደደች። «ከሰዓት በኋላ ይጥፋ። ሥራዬ መጋደም ነው፤ ለመጋደም ይህ ሁሉ ትንፋሽ ምን ያደርግልኛል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽን ሰብስቢ!» አላት አባዬ።

ሬዲዮኑን ነቀለ። አምፖሎቹን ፈታ። ሦስት ቀን በሻማ ተደናበርን፤ ቆጣሪው ሩጫውን አልተወም።

እሑድ ረፋዱ ላይ በርጩማውን ይዞ ቆጣሪው ሥር ተቀመጠ። ቆጣሪው ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀይ መብራት አለች፤ ቤቱ ኤሌክትሪክ በበላ መጠን ብልጭ ትላለች። አባዬ ስለ ኤሌክትሪክ የተማረው ነገር የለም። ጭኑ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጋ፣ መቶ ስፒል የያዘች ቆርቆሮውን ከፈተ። ከእማዬ ማሽን በቀር ሁሉንም አስነቀለኝ። ከዚያ ቀይዋ ብልጭ ባለች ቁጥር አንድ ስፒል ጨርቁ ላይ ይሰካ ጀመር።

በአምስት ደቂቃ ማሽኑ ሠላሳ ስፒል ወሰደ። ስፒሎቹን ነቅሎ እንደ አዲስ ሲጀምር፣ አምፖል ስንጨምር ሠላሳ ሁለት። በሬዲዮኑ የተጨመረው አንድ ብቻ።

«እስቲ ደግሞ ካውያዬን» አለ፣ እንደ ቀልድ።

ሰካሁት። ጣቶቹ መድረስ አቃታቸው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቆርቆሮዋ ባዶ ሆነች፤ ቀይዋ ግን ገና ትሮጣለች። ጨርቁ ከዳር እስከ ዳር አብረቀረቀ። ዕድሜ ልኬን ያላየሁትን ነገር፣ በግድግዳችን ውስጥ ድምፅ ሳያሰማ የሚፈሰውን፣ በአባቴ ጭን ላይ አየሁት።

«ሌባውን በእጄ ይዤ ሰፈር ለሰፈር ፈለግኩት» አለ።

በማግስቱ የአባቱን የከሰል ካውያ ከግድግዳው አወረደ። ጭሱ እማዬ ጋ እንዳይደርስ ከአጥሩ ውጭ፣ መንገድ ዳር ይተኩስ ጀመር። ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ እይዝለታለሁ።

«ጌታው፣ ወደ ጥንት ዘመን ተመለስክ እንዴ?» ይሉታል ደንበኞቹ።

«እዚያ ውስጥ የምትተነፍስ አለችኝ።»

የወሩ የመብራት ወረቀት ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ብሎ መጣ። አባዬ የማሽኑን ሠላሳ ስፒል ብቻ አስቀርቶ ጨርቁን ቆጣሪው ጎን ሰቀለው። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረ። ልቡ እንደደከመ ለማንም አልነገረም።

በቀብሩ ጠዋት ጥቁር ቀሚሴን ልተኩስ የኤሌክትሪኩን ካውያ አነሳሁ። እማዬ ከአልጋዋ አየችኝ።

«ዛሬ እንኳን ሰክተሽ ተኩሺ፣ ልጄ። እኔ ማሽኑን ትንሽ ባጠፋው ምንም አልሆንም።»

ካውያውን መለስኩት። ከሰል አቀጣጥዬ መንገድ ዳር ወጣሁ። በመስኮቱ የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል። በተከፈተው የአጥር በር ሳይ፣ ቆጣሪው ላይ ቀይዋ በዝግታ ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች፤ የማይታይ እጅ አሁንም ስፒል በስፒል እየሰካ ያለ ይመስል።