የአልታዬ ጥርስ

አልታዬ ከከላላ መካነ ሰላም ድረስ የመጣችው ጥርሷን ልታስነቅል ነበር፤ የሐኪሙን ወንበር ስታይ ግን በሩ ላይ ቆመች። ልጃገረድ ሳለች አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር በሁለት ጎረምሶች አስይዞ፣ ማደንዘዣ ሳይወጋት ሁለት መንጋጋ ጥርሷን ነቅሎ፣ ስትጮህ «ፈሪ» ብሏት ነበር።

ወጣቱ ሐኪም ፋሩቅ አፏን አይቶ፣ «ይሄ ይሞላል እንጂ አይነቀልም፣ እትዬ። መጀመሪያ የሚያረጋጋ ኪኒን ይውጣሉ፤ ከዚያ ድድዎን በመርፌ አደነዝዛለሁ» አላት።

«ያኔ ልጃገረድ ሳለሁ፣ ድሬሰሩ ሲነቅለኝም ማደንዘዣ ነበር?»

«ነበር፣ እትዬ።»

«ታዲያ እንደ በግ ያስያዘኝ ለምን ነበር?»

ፋሩቅ ኪኒኑን ከውኃ ጋር አቀረበላት።

ኪኒኑን ውጣ ስትረጋጋ ድዷን በመርፌ አደነዘዘና፣ «እጅዎን ካነሱ አቆማለሁ» ብሎ ሥራውን ጀመረ። እውነቱን እንደሆነ ለማየት አንዴ አነሳች፤ ወዲያው አቆመ። ይሄን ያህል ቀላል ነበር። አልታዬ ምንም ሳያማት ከንዴቷ ብዛት አለቀሰች፤ ጥርሷ ተሞልቶ ስትወጣም ንዴቱ አልለቀቃትም።