ባዶ ሙቀጫ

አሮጊቷ እስከ ዐሥር ሰዓት መሞት አለባት። እኔ ግን እስካሁን የጻፍኩላት አንድ ሳል ብቻ ነው።

የሬዲዮ ተከታታይ ድራማ ጸሐፊ ነኝ። አሮጊቷ የድራማው ምላሰኛ አማት ናት፤ አድማጩ ሁሉ ይወዳታል። ተዋናይቷ ሌላ ሥራ አግኝታ ስለሄደች ዳይሬክተሩ ትናንት ደወለና፣ «የሐሞት ጠጠሯ ቀዶ ጥገና ላይ ትሙት፤ አገር ያልቅስ! ጽሑፉ ነገ በዐሥር ሰዓት ካልደረሰኝ ድራማውን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» አለኝ። እኔም «በቃ፣ እገድላታለሁ» ብዬ ዘጋሁት። ምን ላድርግ? ከዚህ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም።

ይኸው ተቀመጥኩ። «ሐኪሙ ከክፍሉ ይወጣል» ብዬ ስጀምር፣ ዱም!

ከግድግዳው ወዲያ ጓዳ ነው፤ ጓዳው ውስጥ አብረውን የሚኖሩት አማቴ ይወቅጣሉ። ዱም! ዱም! አበስኩ ገበርኩ! ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ ጎሰጎስኩ። ይባስ ብሎ የራሴ ልብ ይሰማኝ ጀመር፤ እሱም ዱም ዱም ይላል። ጥጡን አውጥቼ ወረወርኩት። ወረቀቴን ሰብስቤ መኝታ ቤት ገባሁ፤ ሙቀጫው ቆመና ወንበር መጎተት ተጀመረ። ወደ ሳሎን ተመለስኩ፤ ወንበሩ ዝም አለ፣ ሙቀጫው ቀጠለ።

«እማማ!» አልኩ፣ እንደ ምንም ድምፄን አለስልሼ።

«አቤት ልጄ!»

«ምንድን ነው የሚወቅጡት?»

«ጨው ናት፣ ምን አላት ብለሽ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔን የለችም በይኝ።»

የለችም በይኝ! ፎቁ ሁሉ መኖራቸውን እየሰማ! እኔም ጮክ ብዬ እንዳልቆጣቸው ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይገባሉ። የሐሞት ጠጠር ነው። አዎ፣ የድራማውን አሮጊት በሽታ የሰረቅኩት ከሳቸው ነው። በሽታውን ብቻ መሰላችሁ? እርግማኑም የሳቸው ነው፤ «ዝም አልኩ እንጂ መቼ ሞትኩ!» ማለቷም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስለምሰማ፣ እሳቸውም አልነቁብኝም ብዬ ተኝቻለሁ። ድራማው በተላለፈ ቁጥር ሬዲዮኑን እስከ ጥግ ከፍተው እንደ ሌላው ሰው ይስቃሉና።

ስምንት ሰዓት አለፈ። እግሬ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ አለ። «ሐኪሙ ራሱን ይነቀንቃል» ብዬ ጻፍኩ። በሬዲዮ ራስ ሲነቀነቅ ማን ያያል? ሰረዝኩት። ዱም! ኧረ በቃኝ! ዛሬስ ታማሚ ናቸው ብዬ አልተዋቸውም! ወንበሬን ገፍትሬ ተነሣሁና የጓዳውን በር በርግጄ ገባሁ።

አማቴ ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አቅንተው፣ ዘነዘናውን ወደ ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። ሙቀጫው ውስጥ አየሁ። ጨው የለ፣ ምን የለ። ባዶ ነው።

«እማማ፣ ሆን ብለው ነው እንዴ?»

«አዎ፣ ሆን ብዬ ነው።»

«ምን አደረግኩዎት?»

«ግድግዳው ድምፅ የሚያሳልፈው ወዳንቺ ብቻ መሰለሽ? ትናንት በስልክ እገድላታለሁ ስትዪ ሰምቻለሁ።»

«እሷኮ የድራማው…»

«አውቃታለሁ! የኔን አፍ ይዛ ስትለፈልፍ የማላውቃት መሰለሽ? ደስ ስላለኝ ነው ዝም ያልኩት። የኔ ጠጠር የሷ ጠጠር። ታዲያ እኔ ነገ ቢላ ሥር ልተኛ፣ አንቺ ዛሬ እዚያው ላይ ትገድያታለሽ? እንዲህ ያለ ሟርት ከየት ተማርሽ?» ዘነዘናውን ጉልበታቸው ላይ አስተኙት። «ካልተጻፈ አትሞትም ብዬ ነው። ፈርቻለሁ፣ ልጄ።»

ፈራሁ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ቁጣዬ ሁሉ ውሃ ሆነ፤ በራሴ አፈርኩ። እጃቸውን ያዝ አደረግኩና ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ።

አሁን ቤቱ ጭጭ አለ። ይሄን አልነበር ስመኝ የዋልኩት? ተቀምጬ ግን ጆሮዬ ግድግዳው ላይ ቀረ። ምን እያደረጉ ነው? ተኙ? አመማቸው? ሲወቅጡ ቢያንስ ደህና መሆናቸውን አውቅ ነበር። ይህን ሳስብ ዘልዬ ተነሣሁና ስልኬን አነሣሁ።

«አትሞትም!» አልኩት ዳይሬክተሩን። «ቀዶ ጥገናው ይሳካል። ከዚያ በኋላ ጓዳ ናት፤ አትናገርም፣ ተዋናይም አያስፈልጋትም፣ ስትወቅጥ ብቻ እንሰማታለን። ልጇና ምራቷ ተኚ ቢሏት እምቢ አለች እያሉ ይጨቃጨቁባታል። ዝም አለች እንጂ መቼ ሞተች!»

«የሙቀጫውን ድምፅ ቀድተሽ ላኪልኛ» አለ።

ጽሑፉ ከሰዓቱ በፊት አለቀ። ስልኬን ይዤ ጓዳ ገባሁና ለአማቴ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ፣ ከዚያ ወገባቸውን አስተካክለው መውቀጥ ጀመሩ። ቀዳሁት።

«ይበቃል፣ እማማ።»

«ላብዛልሽ እንጂ። ለወደፊቱም ይሆንሻል። ምናልባት ነገ…»

«ጠላትዎ ይሙት! የቀዳሁት ለአንድ ክፍል ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ተመልሰው ይወቅጡልኛል።»

አዩኝ። ዘነዘናውን በጨርቅ ጠቀለሉና ከመደርደሪያው ኋላ ሸጎጡት።

«እንግዲያው ማንም እንዳይነካብኝ» አሉ።