አፈር የተሞላው ምድጃ

ሸማም የቤቷን ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላ ሁለት ክረምት አሳለፈች። በስደት ሰፈሩ ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ፣ «በሩ መኖሩ ለማይታወቅ ቤት ቁልፍ ምን ያደርግልሻል?» እያሉ ይስቁባታል። እሷ ደግሞ፣ «የእናንተን አፍ የሚቆልፍ ቢሆን ዛሬውኑ ይጠቅመኝ ነበር» ትላቸዋለች። ሸማም እንዲህ ናት። ምላሷ ለንጉሥም አይመለስም።

ጥቁር ባንዲራ ያነገቡት ሰዎች መንደሯን ካኒ ረሽንን ለቀው ወደ ሞሱል ሸሹ የተባለ ዕለት፣ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ቀድማ ተነሳች። ልጇ ሆግር ከኩርድ ተዋጊዎቹ ከፔሽመርጋ ጋር ግንባር ነበር፤ አብራት የተመለሰችው ምራቷ ፊርሜስክ ናት። ፊርሜስክ ሆዷ ገፍቷል፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ የቀራት ጥቂት ነው።

መንደሩ አፋፍ ላይ ያለውን ኬላ የሚጠብቀው የእህቷ ልጅ ሰርባዝ ነበር።

«አክስቴ፣ ፈንጂ አምካኞቹ ከሰዓት ይደርሳሉ። እስከዚያ ማንም ቤት አይገባም» አላት።

«ስትወለድ የታጠብክበትን ውሃ ያሞቅኩት እኔ ነኝ። አንተ ነህ ከቤቴ የምትከለክለኝ?»

«የሚከለክልሽ እኔ ሳልሆን ፈንጂው ነው።»

«እንግዲያው ራሱ ፈንጂው ይንገረኝ» ብላ አለፈችው። ሰርባዝ ጀግና ነው ይባላል፤ ግን ከፈንጂ ይልቅ አክስቱን ይፈራል።

ያቻኮላት ምድጃው ነው። በቀራጮግ ተራራ ግርጌ ያለች ሴት ወደ ቤቷ ስትመለስ ሳትጠርግ፣ ሳትቀመጥ፣ የሞተባትን እንኳ ሳታለቅስ፣ አስቀድማ ታኑሯን ታቀጣጥላለች። ታኑር ግቢ ውስጥ መሬት ተቆፍሮ የሚተከል የሸክላ መጋገሪያ ነው። ጭሱ ሲወጣ ያየ ሁሉ ሰው እንዳለ ያውቃል። ከእርግማን ሁሉ የከፋው እርግማንም «ምድጃህ ይታወር» የሚለው ነው። ዘርህ ይጥፋ፣ ደጅህን የሚከፍት አይገኝ ማለት ነው። በዚህ ቃል ደም የተቃቡ ቤተሰቦች አሉ።

ሸማም ደግሞ የታወረ ምድጃ አንድ ጊዜ አይታለች። ያኔ ሆግር ገና ይድህ ነበር። የመንግሥት ወታደሮች ባሏን በጭነት መኪና ወሰዱት፤ ከመሄዳቸው በፊት ታኑሯን በአፈር ሞሉት። ባሏ አልተመለሰም። በዚያው ሰሞን መንግሥት ከሜዳው ማዶ አረቦች አምጥቶ አሰፈረ፣ የእሷንም የስንዴ መሬት ቆርሶ ሰጣቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰላም ብላቸው አታውቅም። «አረብ ጥላው እንኳ ይዋሻል» ትላለች።

ግቢዋ ደረሰች። በር የለም። ቁልፉ ከነገመዱ አንገቷ ላይ ቀረ።

ግቢው መሃል አንድ ሽማግሌ በተገለበጠ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ተቀምጧል። ራሱ ላይ ቀይና ነጭ መሐረብ ጠምጥሟል፣ ጉልበቱ ላይ አካፋ አጋድሟል። አረብ ነው። ከኋላው ታኑሯ እስከ አፉ ድረስ አፈር ተሞልቷል፤ በላዩም ድንጋይ ተከምሮበታል።

ሸማም ባለችበት ደርቃ ቀረች።  ፊርሜስክ ለታኑሩ ማቀጣጠያ በአንድ እጇ የታቀፈችው ጭራሮ መሬት ላይ ተበተነ፤ በሌላው እጇ ክብሪቱን እንደጨበጠች ነች።

ሽማግሌው ብድግ አለ። «አልሐምዱሊላህ፣ የሆግር እናት፣ በሰላም መጣሽ።»

ሸማም አረብኛ ትሰማለች። የተማረችው ባሏን ፍለጋ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ተሰልፋ ነው።

«የልጄን ስም ማን ነገረህ?»

«ከሜዳው ማዶ ነኝ። ኻለፍ እባላለሁ። ጎረቤትሽ ነኝ።»

«እኔ ጎረቤት የለኝም። መሬቴ ላይ የተቀመጠ ሌባ ነው ያለኝ።»

«እሺ፣ ሌባ በይኝ። ብቻ ምድጃውን አትንኪው። ከሥሩ ፈንጂ አለ፣ እሳት ከነካው...»

«የመዳብ ድስቶቼን ነው የቀበርክበት» አለች። «የሰረቅከውን ሳታወጣ ደረስንብህ። ደግሞ ፈንጂ አጠገብ ተዘርፍጦ የሚቀመጥ ማነው? አንተ ሞኝ ነህ ወይስ እኔ ሞኝ እመስልሃለሁ?»

«ሰው እንዳይነካው ነው የተቀመጥኩት።»

«ሠላሳ ዓመት መሬቴን ስትነካ አንተን ማን ከለከለህ?»

 ሸማም አካፋውን ያዘች፤ እሱም አልለቅም አለ። ሁለት አዛውንቶች እንደ ሕፃን አንድ አካፋ ተጓተቱ።

«ሰርባዝን ጥሪልኝ» አለች ምራቷን።

ሰርባዝ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር መጣ። ታኑሩን አየ፣ አረቡን አየ፣ ፊቱ ጠቆረ።

«አክስቴ፣ ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ። ባለ ጥቁር ባንዲራዎቹ የገቡ ቀን ከፊታቸው እየመራ ያስገባቸው እሱ ነው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

አላየችም። ያን ቀን ፍየሎቿን እየጎተተች ሽቅብ ወደ ተራራው ስትሮጥ አንዴም ዞራ አልተመለከተችም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን ለራሷም እውነት መሰላት።

ኻለፍ ኩርድኛ አይሰማም። እጁን የኋሊት ሲያስሩት አልታገለም። ፊርሜስክን አያት፤ በአገጩ የጨበጠችውን ክብሪት አሳያት፣ ቀጥሎ ሆዷን፣ ከዚያም ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። እየገፉ ወሰዱት።

«መኪናው አሁን ይነሳል» አለ ሰርባዝ። «ኬላውን ካለፈ በኋላ የት እንደሚያደርሱት እኔም አላውቅም።»

«የኔንም ባል የት እንዳደረሱት አላውቅም» አለች ሸማም።

ሰርባዝ መሬት መሬት እያየ ወጣ።

ሸማም ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አንስታ ወረወረች። አካፋውን አፈሩ ውስጥ ሰካች። ፊርሜስክ ጎንበስ ብላ ከአፈሩ ቆነጠረች።

«እማዬ፣ ርጥብ ነው።»

«ቢሆንስ?»

«ምንጩ ተደፍኗል። መንደሩ ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። ይህን ሁሉ ከየት አምጥቶ አራሰው?»

 ሸማም አካፋውን የያዘው እጇ ላላ። ሌባ ለደበቀው ድስት ውሃ ከወንዝ ተሸክሞ አይመጣም።

«አንቺ ውጪ። ከግንቡ ወዲያ ሂጂ።»

«አንቺስ?»

«ውጪ አልኩሽ።»

አካፋውን አስቀመጠችና በእጇ መዛቅ ጀመረች። ጭቃው ተጠቅጥቆ ጠንክሯል፤ ያራሰው ሰው በእግሩ ረግጦታል። እስከ ክርኗ ገባች። ጥፍሯ አንድ ልስልስ ነገር ነካ። ላስቲክ ነው። በጣቷ ጠራረገችው፤ የቢጫ ጀሪካን ትከሻ ብቅ አለ። ከክዳኑ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ወጥተው፣ በታኑሩ ሸክላ ላይ ተለጥፈው፣ እሳት ወደሚነድበት ቦታ ይወጣሉ። አንደኛው ጣቷ ላይ ተጋድሟል።

 ያ እጅ የሷ አልመስልሽ አላት፤ የሌላ ሰው እጅ ከምድር በቅሎ የምታየው መሰላት። ጣቶቿን ተራ በተራ፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚደረገው፣ ከሽቦው ሥር አወጣች። ከግንቡ ማዶ ፊርሜስክ ትስላለች። ክብሪቱ እጇ ላይ ነው። ሸማም ጭራሮው እንደተበተነ አየች፣ የምራቷን ሆድ አሰበች። በእጅና በእግሯ ድሃ ከታኑሩ ራቀች።

ከዚያ የመኪናውን ሞተር ድምፅ ሰማች።

እንዴት እንደሮጠች አታውቅም። ኬላው ጋ ስትደርስ መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ ኻለፍ ከላይ ታስሮ ተቀምጧል። ሸማም ነጭ ሻሿን ከራሷ መንጭቃ ከጎማው ፊት ጣለች። ሴት ሻሿን የጣለችበትን መንገድ ወንድ ረግጦ አያልፍም፤ የሚገዳደሉ ሰዎች እንኳ ይቆማሉ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ታጣቂዎቹ የተገለጠ ሽበቷን ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ።

«አክስቴ፣ ሻሽሽን ለማን ነው የጣልሽው?» አለ ሰርባዝ።

«ለእሱ።»

«ለአረቡ?»

«ጆሮህ ደህና ነው።»

«በዓይኔ አየሁት አላልሽኝም?»

«አላየሁም። ዋሸሁ።» ይህን ቃል ወንድ ፊት ተናግራ አታውቅም። «ከምድጃዬ ሥር ያለው ድስት አይደለም። እጄን ሰድጄ ነክቼዋለሁ።»

ሰርባዝ የጭቃ እጇን አየ፤ ደም ከፊቱ ሸሸ። ወደ መኪናው ዞሮ በአረብኛ ጠየቀ።

«እዚያ እንዳለ በምን አወቅክ?»

 ሲቀብሩ አየሁ ቢል ማን ይመረምረው ነበር? ኻለፍ ግን፣ «የቆፈርኩት እኔ ነኝ» አለ። «ጠመንጃ ከጀርባዬ ደግነው አስቆፈሩኝ። ጀሪካኑን ያስቀመጡት እነሱ ናቸው። የቆፈረው እጅ ግን የኔ ነው።»

 ከታጣቂዎቹ አንዱ የመሣሪያውን ማንገቻ ከትከሻው አወረደ። ሸማም ለሁለተኛ ጊዜ ክው አለች፤ ይሄኛው ከፊተኛው የባሰ ነበር። ለውሸቷ የሚስማማ እውነት እነሆ ከገዛ አፉ ወጣላት። ሻሿን አንስታ ዝም ብትል ይበቃ ነበር።

«ታዲያ እነሱ ሲሸሹ ለምን እዚህ ቀረህ?» አለ ሰርባዝ።

«እሷ ስትመጣ መጀመሪያ የምታደርገውን አገሩ ሁሉ ያውቃል። እነሱም አውቀው ነው እዚያ ያስቀመጡት።» ኻለፍ ሸማምን አያት። «ሠላሳ ዓመት የነቃሁት በጭሷ ነው። ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ‹የሆግር እናት አቀጣጠለች፣ ተነስ› ትለኝ ነበር። ሰላም አትለንም። ጭሷ ግን በየቀኑ ይመጣ ነበር።»

ሸማም ወደ ሰርባዝ ዞረች።  

«ቆፈረ» አለች። «ከዚያ ተመልሶ ደፈነ። እናንተ ከተራራው በመነጽር ስታዩ፣ እሱ ከወንዝ ውሃ ተሸክሞ ደፈነ። ዋሱ እኔ ነኝ። ፍታው።»

«አለቆቼ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

«አክስቴ አብዳለች በላቸው። ያምኑሃል።»

ሰርባዝ ሻሹን አነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፣ በሁለት እጁ ሰጣት። ከዚያ ወደ መኪናው ወጥቶ ገመዱን ቆረጠ።

ፈንጂ አምካኞቹ ከሰዓት ደረሱ። ይህ በእጅ የሚወጣ አይደለም፣ ባለበት ይፈንዳ አሉ። ሁሉም ከኮረብታው ወዲያ ተኛ። ምድር ከሥራቸው ተነስታ የተመለሰች መሰለ። አቧራው ሲረጋ የሸማም ቤት ግማሽ ግድግዳው የለም፣ ግቢው ውስጥ የነበረው የእንጆሪ ዛፍ ከሥሩ ተመንግሏል፣ ታኑሩ በነበረበት በቅሎ ቆማ የማትታይበት ጉድጓድ ተከፍቷል። ፊርሜስክ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ አላለቀሰችም። ክብሪቱን አሁንም ጨብጣለች፤ ልልቀቀው ብትልም ጣቷ እምቢ አላት። ሸማም አጠገቧ ተቀምጣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቀቻቸው።

ኻለፍ በሩ በነበረበት ቦታ ቆሞ ነበር።

«ምን ትገተራለህ?» አለችው ሸማም። «የሚዘጋብህ በር የለም።»

«ልሰናበት ብዬ ነው።»

«ወዴት? የቆፈርከውን ማን ሊሞላው? አካፋህን አንሳ። ጭቃ፣ ገለባና የፍየል ጠጉር ያስፈልገናል።»

አካፋውን አነሳ። ሲመሽ ሱሪውን ሰብስቦ፣ ገለባ የተበተነበትን ጭቃ ይረግጥ ጀመር። ሸማም ከጎኑ ተንበርክካ ጠጉሩን ትበትንበታለች።

«በዚህ አረጋገጥህ ምድጃው ሳይደርስ የልጅ ልጄ ጥርስ ያበቅላል።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ያየሁት ጭሱን ነው፣ የሆግር እናት። ጭቃውን አላየሁም።»

«እንግዲያው ዛሬ እየው።»

እጆቿን ጭቃው ውስጥ ከተተች። ፈንጂውን ስትነካ እንደገባችው ሁሉ እስከ ክርኗ ገባች። ኻለፍ እጆቿን አየ፤ ከጣቶቿ ፈንጠር ብሎ መርገጡን ቀጠለ።