የበረኛዋ አያት ጭብጨባ

ሽማግሌው ቁልፍ ሠሪ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሱቃቸውን ዘግተው ልጃቸው ቤት ገብተዋል። ቤቱ ምንም አላጎደለባቸውም፤ ጎደለ ከተባለ የጎደለው ሰው ነው። ልጃቸውና ባሏ በማለዳ ወጥተው ሲመሽ ይገባሉ፤ ገብተውም ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ። እሳቸው የየክፍሉን ቁልፍ ፈተው፣ ዘይት ቀብተው፣ መልሰው ከገጠሙ በኋላ የሚሠሩት አጡ። የዋናው በር ደግሞ በቁጥር የሚከፈት ነው፤ "ይሄም በር ሆኖ!" ብለው ፊት ነስተውታል።

ሳምንቱ የሚነጋላቸው ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ የአሥራ አንድ ዓመት የልጅ ልጃቸው ኳስ ትጫወታለች፤ በረኛ ናት። እሳቸው "ጓጉንቸር" ይሏታል፣ አትከፈትም ለማለት። በመኪናው የኋላ ወንበር ከጎናቸው ተቀምጣ ስለ ትምህርት ቤቷ የምታወራላቸውን ወሬ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እየመነዘሩ ይሰነብቱበታል።

ታዲያ አመል ያወጣል ከመሃል። እሳቸው ባደጉበት ሰፈር ጥሩ ጎል የሁሉም ነው፤ ማንም ያግባው ማን፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ያጨበጭባል፣ አግቢውንም ይመርቃል። ጎል የገባበት በረኛ አባት ቀድሞ ካላጨበጨበማ ቅናተኛ ተብሎ ይታማል። እዚህ ግን ወላጆች በሁለት ጎራ ተከፍለው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱም ለራሱ ልጆች ብቻ ይጮኻል። ይህን ማን ነግሯቸው? ባለፈው ቅዳሜ አንዲት የተቃራኒ ቡድን ቀጫጫ ልጅ ከሩቅ መትታ ጓጉንቸር ላይ ስታገባ፣ ብድግ ብለው "እግርሽ ይባረክ! እንዲህ ነው እንጂ!" እያሉ አጨበጨቡ። በዙሪያቸው ያለው ሰው ዞሮ አፈጠጠባቸው። አንዷ እናት ወንበሯን አንስታ ፈቀቅ አለች። ጓጉንቸር ኳሱን ከመረቡ እያወጣች አየቻቸው።

እቤት ሲገቡ ልጃቸው ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻቸው ያዘቻቸው።

"አባዬ፣ አይቀየሙኝ። ሰዉ አፉን ከፈተብን። ከእንግዲህ ዝም ብለው ብቻ ይመልከቱ።"

"ለኛም አላጨብጭብ?"

"ለማንም! እርስዎን አንዴ ከጀመሩ ማን ይመልስዎታል? ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ካልሆነ እቤት ቢቀሩ ይሻላል። ለልጅቷ ደግሞ እንዳይነግሩብኝ፤ አያቴን ከለከልሽብኝ ብላ ታኮርፈኛለች።"

እቤት ከመቅረትስ ብለው ቃል ገቡላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ዳኛዋ ለተቃራኒ ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠች። መቺዋ ተንደርድራ መታች፤ ጓጉንቸር ወደ ግራ ተወርውራ በጣቶቿ ጫፍ አወጣችው። ወላጆቹ ቀውጢ አደረጉት። ሽማግሌው ግን ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡባቸው፣ ጥርሳቸውን ነከሱ። ደስታው ደረታቸውን ሊያፈነዳው ደርሶ ነበር። ልጅቷ ከመሬት ተነስታ፣ ጓደኞቿ ደርሰው ሳያቅፏት፣ መጀመሪያ ያየችው ወደ እሳቸው ነው። ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ፊቷን መለሰች።

በመኪና ሲመለሱ ስለ ትምህርት ቤቷ ምንም አላወራችም። ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ ነው የተናገረችው።

"አባባ፣ እኔ ሳድን አይተዋል?"

"አይቻለሁ እንጂ የኔ ልጅ።"

"ምንም አላሉማ። ያቺ ልጅ ስታገባብኝ እንኳን አጨብጭበው ነበር።"

አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በኋላ ማሳያው መስታወት መኪናውን የምትነዳውን የልጃቸውን ዓይን አዩ። ልጃቸው ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። እሳቸውም ቃላቸውን ዋጡት።

"አልተቀየምኩም እኮ" አለች ልጅቷ፣ ጉልበታቸውን መታ መታ እያደረገች። "በረኛ ማየት ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ለኔ ብለው ፀሐይ ላይ አይንገላቱ። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ እቤት ይረፉ፣ እሺ?"

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

"እሺ የኔ ልጅ" አሉ። "እረፍቱስ መች ጠፍቶ።"