ሰላምታው የተቆረጠበት ደብዳቤ

“እትዬ፣ መጣ! ኔትወርኩ መጣ!”

ሙሉብርሃን ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ ወደ ጓሮው አጥር ሮጠች። በዚህ የሺሺንዳ ከተማ ግቢ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ፣ እንሰቱ አጠገብ ብቻ ነው።

አከራይዋ እትዬ በዛወርቅ ቆጮ እየከተፉ ቀና አሉ። “ዛሬስ አብረን አንበላም?”

“ኮርሱ ዛሬ ይዘጋል፣ እትዬ። ሌላ ቀን።”

“ሌላ ቀን” ማለት ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ለማስተማር ከመጣች ጀምሮ፣ ከሥራ መልስ በሯን ዘግታ ከስልኳ ጋር ናት። ኮርሱ ለአስተማሪዎች በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ ነጻ ነው፤ ከዓለም ዙሪያ ስንትና ስንት ሺህ ሰው ይማርበታል። ሰርተፍኬቱን ካገኘች እናቷ ሰፈር ያለ የግል ትምህርት ቤት ሊቀጥራት ቃል ገብቷል። አገሯ የምትመለስበት ሌላ መንገድ አይታያትም። ግን ይገርማል! ያ ሁሉ ሰው ባለበት ክፍል፣ አንድም ቀን “ደህና ነሽ ወይ?” ያላት የለም።

የመጨረሻው የቤት ሥራ፣ ከትምህርት ለቀረ ልጅ አባት ደብዳቤ መጻፍ ነበር። የሚያርሙት እዚያው የሚማሩ፣ አይታቸው የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። ውጤቱን ከፈተች። ወድቃለች።

“ወደ ጉዳዩ ሳትገቢ ግማሽ ገጽ ጨርሰሻል” ይላል አስተያየቱ። “የሰውዬው ላም መውለድ አለመውለዷ ከልጁ ትምህርት ጋር ምን ያገናኘዋል?”

ደሟ ፈላ። “እትዬ፣ ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ከትምህርት ቤት ቢመጣልዎት ምን ይላሉ?”

“ክስ ነው እላለሁ እንጂ ሌላ ምን እላለሁ! ልጁንም እደብቀዋለሁ።”

ሙሉብርሃን ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። አስተካክላ የምትልከው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። “እንዴት ከረሙ” የሚለውን አጠፋች። ዝናቡ እንዴት ነው፣ ጉልበትዎ ተሻለው፣ ላሚቱስ ወለደች፣ ሁሉንም አጠፋች። የቀረው ደብዳቤ የሷ አልመስል አላት። ላከችው።

ልብሷን አጥባ አጥሩ ላይ ስታሰጣ ስልኩ ጮኸ። አልፋለች! “እንኳን ደስ ያለሽ! ደስታሽን ለወዳጆችሽ አካፍዪ” ይላል።

እናቷ ዘንድ ደወለች፤ ኔትወርኩ ሄዷል። እዚሁ ከተማው ውስጥ እቤቱ ሄዳ “አለፍኩ” የምትለው ሰው አሰበች። አሰበች፣ አሰበች፣ አንድም ሰው አጣች።

ስልኩን አልጋዋ ላይ ጥላ ወጣች። እትዬ በዛወርቅ ቆጮውን ጋግረው፣ ብቻቸውን ሊበሉ ተቀምጠዋል።

“እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?” አለች በሩ ላይ ቆማ። “ጉልበትዎ ተሻለው? ገጠር ወንድምዎ ጋ ያለችው ላምስ ወለደች?”

እትዬ በዛወርቅ የቆረሱትን እንደያዙ አዩዋት። “ከወለደችማ ቆየች። ጥጃዋ ሣር ጀምራለች።”

“ውይ! ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?”

“መች ጠየቅሽኝ፣ ልጄ?”

ሙሉብርሃን እጇን ታጠበችና ዱካውን ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።