በሚኒባሱ ግንባር ላይ

ታፔላ ጻፊው ለሌላው ጽሑፍ ዋጋ ሲከራከር ምላሱ አይጣል ነው፤ «ጌታ ይጠብቀኛል» ብሎ በመኪና ግንባር ላይ ለመጻፍ ግን ሰባራ ሳንቲም አይቀበልም። ለአንድ ልጁ ሚኒባስማ ያለ የሌለ ችሎታውን አፍስሶ በወርቅማ ቀለም ጻፈለት። ልጁ የዚያን ዕለት ፍሬን ሊያሠራ ጋራዥ ቀጠሮ ነበረው። አባት ግን ቀለሙ ሳይደርቅ አቧራ ይይዘዋል ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ፍሬኑ ይደርሳል፣ ቅድሚያ ለፈጣሪ ነው እያለም ቀለደበት። በማግስቱ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አልይዝ ብሎ ሚኒባሱ ተገለበጠ።

ልጁ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ተኛ። አባት አልጋው ሥር ተደፋ፤ ግን በምን አፉ ይለምን? ትዝ ያለው ያ ሕዝቡን በበረሃ የመራው ነቢይ ነው። አምላኩ ሕዝቡን ላጥፋ ብሎ በተቆጣ ጊዜ፣ ጠላቶችህ ማዳን አቃተው ይሉሃል ብሎ ሞግቶት የለም? እሱም በዚያው በኩል ገባ። ስምህ መንገድ ዳር ተገልብጧል፣ አላፊ አግዳሚው ይስቅበታል፤ ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለክብርህ ስትል አድነው እያለ ነዘነዘው።

ልጁ ሞተ።

ከቀብር መልስ አባት ቲነርና ጨርቅ ይዞ ሚኒባሱ ወደተጣለበት ግቢ ሄደ። መካኒኮቹ ጽሑፉን እያነበቡ ሲሳሳቁ ደረሰ። ሲያዩት ፊታቸውን አዙረው ወደ ሥራቸው ገቡ። ተንበርክኮ መፈተግ እንደጀመረ ሚስቱ ተከትላው መጣች።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ስሙን ላጠፋው ነው። ሰው እየሳቀበት ነው።»

«ተወው» አለችው። «እኛ ብቻ ነን እንዴ የምንዋረደው? የት ነበርክ ይበሉት።»

እጁ ቆመ። እስካሁን ያልነገራት ነገር ነበር። ዝም ቢል እሷ ከጎኑ ነበረች፤ ሐሜቱን የሚሸከመው ፈጣሪ ነበር።

«የሱ ጥፋት አይደለም» አላት። «ልጁ ፍሬኑን ሊያሠራ ነበር። ቀለሙ ይድረቅ ብዬ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

ሚስቱ አፏን በእጇ ያዘች። እንደማያውቁት ሰው ትኩር ብላ አየችው፣ ከዚያ ከግቢው ወጣች። ወደ ሚኒባሱ ዞሮ እያለቀሰ መፈተጉን ቀጠለ።