የሩብ ሰዓት ብርሃን

«ሥራዋን ባትነጥቂያት ኖሮ ዛሬ እዚህ ትኖር ነበር» አለ ሾፌሩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው።

እናታቸው ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ ከየቤቱ በተለቃቀመ ወንበር ተጨናንቋል። ነርሷ እህቱ ለአንዲት አሮጊት ውሃ እያቀበለች ነበር። ብርጭቆውን በደንብ እስኪይዙላት ጠበቀችና ዞረችበት።

«አንተ በዓመት ሁለቴ ብቅ እያልክ ምኑን አይተህ ነው የምትፈርደው? ዓይኗ ጠፍቶ ነበር!»

«የማን ዓይን?» አለች ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታቸው ከጥግ። «እኔ እንኳ ያለፈው ሳምንት መርፌው እምቢ ቢለኝ፣ ከእጄ ነጥቃ ክሩን ያስገባችልኝ እሷ ናት። ያውም ባንዴ። ‹ዕውር› ብላ ሰድባኝ ሄደች።»

አንድ ሁለት ሰዎች ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት።

«መርፌና ስክሪን አንድ አይደለም!» አለች ነርሷ። ድምፅዋ ከፍ ማለቱ ለራሷም ተሰማት።

እናትየው በመድኃኒት ማሸጊያ ውስጥ ተጣጥፈው የሚገቡትን ወረቀቶች መኝታ ቤቷ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ የምትተረጉም ሴት ነበረች። ለሰው አትመችም። አንዲት ዜሮ ብታመልጠኝ ሕፃን ይሞታል እያለች እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች፤ በዚያ መሃል የገባባትን ሰው ልክ ልኩን ነግራ ታስወጣዋለች። ለነርሷ ልጇ ያወጣችላት ስም «ቴርሞሜትር» ነው። «ትገባለች፣ ትለካለች፣ ትወጣለች» እያለች ሰፈሩን ታስቅባት ነበር።

ከአምስት ወር በፊት ስክሪኑ ጨለመብኝ ማለት ጀመረች። ነርሷ ከሥራ ስትመለስ ጎራ ትልና ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ኮምፒውተሩን ታበራዋለች። ፍንትው ይላል።

«ይኸው! ምን ሆነ? ዓይንሽ ነው እማዬ።»

«ዓይኔ ደህና ነው። ቁጭ በይና እይው።»

«ነገ ቀን ተረኛ ነኝ፣ ልሂድበት።»

እናትየው ለሾፌሩ ልጇ ስትደውልለትም እሱ ከመሪው ላይ ሆኖ «ገመዱን ነቅለሽ ሰኪው» ይላታል። ነቅላ ስትሰካው ይበራል። «አላልኩሽም!» ብሎ ይዘጋዋል። እሷም ፊደሉን አሳደገች፤ አንድ ገጽ ላይ አራት መስመር ብቻ እስኪቀር ድረስ አሳደገችው። ነርሷ ያንን ባየች ማግስት ለእናቷ ሥራ ወደሚልከው የመድኃኒት ፋብሪካ ደወለች። «እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ዜሮ ስታ ሰው ሳትጎዳ ሥራ መላኩን አቁሙ» አለቻቸው። ሕመምተኛ የማያምነውን ለቤተሰቡ መንገር የየቀን ሥራዋ ነው። እናቷ ይህን ስትሰማ አልተሳደበችም። ሁለት ወር ሙሉ ዝም አለቻት። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዋ ሳትነሳ ቀረች።

«ነይ ይልቅ፣ የሚሰቀል ፎቶ እንምረጥ» አለ ሾፌሩ፣ የሰው ዓይን ሲከብደው። መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። እሷ ወንበሩ ላይ፣ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስክሪኑ በራ።

«አየህ?» አለች ነርሷ። «ምንም አልሆነ። እኔ ውሸቴን ነበር?»

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ማሳለፍ ጀመረች።

«ይቺ አትሆንም፣ ተቆጥታለች» አለ።

«ያልተቆጣችበት ካለ ንገረኛ።»

ሳቅ ሊመጣ ሲል ሁለቱም መለሱት። የሠርጉ ቀን፣ የመንጃ ፈቃዱ ቀን፣ ነርሷ የተመረቀችበት ቀን፤ በየፎቶው ላይ ማን ጠፍቶ እንደነበር፣ ማን እንዳረፈደ እየተነቋቆሩ ብዙ ቆዩ።

«ብርሃኑን ለምን ትቀንሺዋለሽ?»

«አልነካሁትም።»

መጀመሪያ የእናታቸው ጥቁር ቀሚስ ከኋላዋ ካለው ግድግዳ ጋር ተቀላቀለ። ቀጥሎ እጆቿ፣ ቀጥሎ ፊቷ። ነርሷ አንገቷን አስግጋ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋች። እናቷን ስንት ቀን እንዲህ ሆና አግኝታት ነበር።

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ነቀለና ሰካው። የእናታቸው ፊት ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ እንደገና ሄደ።

«ሲሞቅ ነው የሚጠፋው» አለ። «ከተቀመጥን ስንት ደቂቃ ሆነን?»

«ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።»

ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው ወንበር ጎተተ። ሾፌሩ ጣቱን ወደ እህቱ ቀሰረ፤ «አንቺ…» አለና ጣቱ አየር ላይ ቀረ። መልሶ ጉልበቱ ላይ አኖረው።

«ነቅለሽ ሰኪው ነበር የምላት» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ለካ እሱ ነው ያሞኘን።»

«አንተ እንኳ ሩቅ ነበርክ» አለችው። ልታጽናናው ይሁን ልትወጋው አልለየላትም። «እኔ ግን እዚሁ ቆሜ ነበር። ቁጭ በይ እያለችኝ።»

እጇን ልካ የስክሪኑን ጀርባ ዳሰሰች። ያቃጥላል። ጥቁር ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች፣ አራት አጠፈችውና ትኩሳት ለያዘው ሰው እንደሚደረገው ታራግብለት ጀመር።

«ተይው፣ አበቃለት እኮ» አላት ወንድሟ።

አልተወችም። ክንዷ እስኪዝል አራገበችለት፣ ከዚያ በሌላኛው እጇ ቀጠለች።